የቅጠል መወየብና የፒኤች ልኬት፦ በማሰሮ ለሚያድጉ የቤት ውስጥ ዕፅዋት የትኛው ምርመራ፣ በየትኛው መሣሪያ?

የተክሉ ቅጠል የወየበበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ወይ የፒኤች (የአፈር አሲዳማነት) መለኪያ ይገዛል። ሁለቱም ተገቢ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ከሁለቱም የሚቀድሙ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቁ ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው የወየበው የትኛው ቅጠል እንደሆነና እንዴት እንደወየበ ማየት ሲሆን፣ ሌላው ተክሉን ከማሰሮው አውጥቶ ሥሩን ማየት ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የመወየብ መንስኤዎች አንዳቸው ከሌላው የሚለዩበትን መንገድ፣ ቀጥሎ የፒኤች መለኪያ መሣሪያዎችን፣ በመጨረሻም የማስተካከያ አማራጮችን ያነጻጽራል። አቋሜን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ የፒኤች ልኬት በእርግጥ የሚጠቅመው መወየቡ በለጋዎቹ ቅጠሎች ላይ ሲታይና ሥሩ ጤነኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ ልኬት ቁጥር ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም።

አሮጌው ቅጠል ወይስ ለጋው?

ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ አካል ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እጥረት ሲያጋጥመው ተክሉ ከታችኞቹና ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች እየቀነሰ ለአዲሱ እድገት ያሻግራቸዋል፤ ስለዚህም ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ በኋላ ከዚያ እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ እጥረታቸውም የሚታየው ገና በሚወጡት ለጋ ቅጠሎች ላይ ነው። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ በደንብ የያዘ ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምርመራ ሥራ እንደጨረሰ እቆጥረዋለሁ።

ቀጥሎ የሚታየው የመወየቡ መልክ ነው። ቅጠሉን ሳይቀጥፉ በጣት ደግፈው ወደ መስኮት ብርሃን ያዙሩትና ጅማቶቹን ይመልከቱ። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ጅማቱም ሥጋውም ሳይለይ በአንድነት ከወየበ የናይትሮጅን እጥረት ይጠረጠራል። አሮጌው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ በጅማቶቹ መካከል ያለው ክፍል ከወየበ የማግኒዥየም እጥረት ይሆናል። ይኸው መልክ፣ ማለትም አረንጓዴ ጅማት በቢጫ ሥጋ ላይ፣ በጫፍ ባሉት ለጋ ቅጠሎች ላይ ከታየ ግን ተጠርጣሪው ብረት ነው፤ የማንጋኒዝ እጥረትም ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል፣ ብቻ በጅማቶቹ ዳርና ዳር ሰፋ ያለ አረንጓዴ ይተዋል። የብረት እጥረት ሲጠና ለጋው ቅጠል ወደ ነጭ ይቀርባል፤ ቀጫጭኖቹ ጅማቶች ሳይቀሩ እንደ መረብ ጎልተው ስለሚታዩ አንድ ጊዜ ያየው ሰው ከሌላ ጋር አያሳስተውም።

ከንጥረ ነገር ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው መንስኤዎችም በርካታ ናቸው። ጤነኛ ተክል ላይ አልፎ አልፎ አንድ የታችኛው ቅጠል ወይቦ ቢረግፍ እርጅና ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል የታችኞቹን ቅጠሎች ይጥላል። ፊከስ ደግሞ ቦታው ስለተቀየረ ብቻ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ቅጠሉ በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ነጠብጣብ ካለው፣ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ በታች ይዘው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት፤ በወረቀቱ ላይ የወደቁት ጥቃቅን ነጥቦች መራመድ ከጀመሩ ቀይ ሸረሪት የሚባሉት ተባዮች ናቸውና የፒኤች ጉዳይ እዚያው ይዘጋል። በድራሴናና በስፓይደር ፕላንት ላይ የሚታየው የቅጠል ጫፍ መቃጠልም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውኃው ፍሎራይድ ወይም በአፈሩ ከተጠራቀመ ጨው ነው።

ሥሩን ሳያዩ መሣሪያ አያንሱ

ቤት ውስጥ ከሚገጥሙ የመወየብ መንስኤዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው ውኃ መብዛት ነው፤ ለተሳሳተ ምርመራ የሚዳርገውም እሱ ነው። በውኃ የተሞላ አፈር አየር አይኖረውም፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ንጥረ ነገር በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሊስበው አይችልም። በዚህም የተነሣ የታመመ ሥር ያለው ተክል ፒኤቹ ፍጹም ትክክል በሆነ አፈር ውስጥ እያለ የብረት እጥረት መልክ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው መለኪያውን ሰክቶ 6.2 ሲያነብ ግራ ይጋባል፤ ወይም መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል።

ምርመራው ቀላል ነው። ግንዱን በሁለት ጣቶች መካከል አድርገው ማሰሮውን ይገልብጡና ተክሉን ከነአፈሩ ቀስ ብለው ያውጡት። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቡናማ ሆኖ ሲነካ ጠንከር ይላል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ጠቁሮ ይለሰልሳል፣ መጥፎ ሽታም አለው። የሚያጠራጥር ሥር ካገኙ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው በቀስታ ይሳቡት፤ የውጭው ልባስ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ በእጅዎ ከቀረና መካከሉ እንደ ክር ብቻውን ከቆመ ያ ሥር ሞቷል። ሥሩ እንዲህ ከሆነ ማዳበሪያም ሆነ ብረት መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል፤ የሚያስፈልገው የሞተውን ቆርጦ በአዲስና ውኃ በሚያሳልፍ አፈር መትከል ነው።

ፒኤች የሚለካው ምንድን ነው?

የፒኤችን የቁጥር ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም በካርልስበርግ ላብራቶሪ ነበር። ሚዛኑ 7ን መካከለኛ አድርጎ ከዚያ በታች ያለውን አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አልካሊ ይለዋል። የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት እንደሆነ ማስታወስ ይገባል፤ ፒኤቹ 6 የሆነ አፈር 7 ከሆነው አሥር እጥፍ፣ 5 የሆነው ደግሞ መቶ እጥፍ አሲዳማ ነው። ስለዚህ ግማሽ ቁጥር የሚሳሳት መሣሪያ የሚሳሳተው ጥቂት አይደለም።

ፒት (በረግረግ ውስጥ በከፊል ከበሰበሰ ተክል የሚገኝ አፈር መሰል ነገር) እና የኮኮናት ቃጫ ባለበት የማሰሮ አፈር ለአብዛኞቹ የቤት ውስጥ ዕፅዋት የሚስማማው ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ክልል ነው። እንደ ጋርዴኒያና አዛሊያ ያሉት አሲድ ወዳዶች ከዚህ ዝቅ ያለውን ይመርጣሉ። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ብረት ወደማይሟሟ መልክ ይለወጣል፤ በኬሚስትሪው ስሌት መሠረት አንድ ቁጥር ከፍ ሲል የሚሟሟው ብረት ወደ አንድ ሺህኛው ይወርዳል። ብረቱ ከአፈሩ አልጠፋም፣ ሥሩ ግን አያገኘውም። በተቃራኒው ፒኤች ከ5 በታች ሲወርድ ብረትና ማንጋኒዝ ከልክ በላይ ይሟሟሉና በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ደግሞ ያንሳሉ።

መለኪያዎቹ ሲነጻጸሩ

በአፈር ውስጥ የሚሰካው ባለ ሁለት ዘንግ መለኪያ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ እርጥበትና ብርሃንም እለካለሁ ይላል። የሚሠራው በሁለት የተለያዩ ብረቶች መካከል በሚፈጠር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ያ ፍሰት ግን በፒኤች ብቻ ሳይሆን በአፈሩ እርጥበት፣ በጨው መጠንና አፈሩ ዘንጉን በሚነካበት ጥብቀት ጭምር ይለዋወጣል። የእኔን መሣሪያ መጠራጠር የጀመርኩት በቤቴ ባሉት ማሰሮዎች ሁሉ 7 ሲያነብ ነው። ኖራ ያልተጨመረበት ጥሬ ፒት በውኃ አርሼ ሰካሁበት፤ እንዲህ ያለው ፒት በባሕርዩ 4 አካባቢ መሆን ሲገባው መርፌው አሁንም 7 ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው አፈሩ ከታች መድረቁን ለማወቅ ብቻ ያገለግለኛል፤ ለዚያ መጥፎ አይደለም።

የፒኤች ወረቀት ከዚህ ይሻላል፣ ግን ዓይነቱ ይለያያል። ተራው ሊትመስ አሲድ ወይም አልካሊ መሆኑን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ከ1 እስከ 14 የሚያሳየው ወረቀት በሙሉ ቁጥር ስለሚዘል ለአፈር ምርመራ ሰፊ ነው። የሚፈለገው ከ4.5 እስከ 7.5 ወይም በዚያ አካባቢ ያለውን ጠባብ ክልል በግማሽ ቁጥርና ከዚያ ባነሰ ርቀት የሚከፋፍለው ነው። ድክመቱ ከፒት የሚወጣው ውኃ እንደ ሻይ የቀላ መሆኑ ነው፤ ቀለሙ በወረቀቱ ቀለም ላይ ይደርባል። ጭቃውን በማጣሪያ ወረቀት ማጥለል ይቻላል፣ ሻይ መሰሉ ቀለም ግን በቀላሉ አይጠለልም። ዱቄትና ጠብታ ያላቸው የቀለም መመርመሪያዎችም ይህንኑ ችግር ይጋራሉ፤ ፒት ለሌለው የማዕድን አፈር ግን ከወረቀቱ የተሻሉ ናቸው።

የብዕር ቅርጽ ያለው ዲጂታል መለኪያ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚበልጠው ግን ባለቤቱ ሲንከባከበው ነው። ጫፉ ላይ ያለው የመስታወት ኤሌክትሮድ በየጊዜው ፒኤቻቸው በሚታወቅ 7.00 እና 4.01 ፈሳሾች መስተካከል አለበት፤ ሲቀመጥም በማቆያ ፈሳሽ፣ ማለትም በፖታሲየም ክሎራይድ መፍትሔ፣ መርጠብ ይኖርበታል። በደረቁ መተው ኤሌክትሮዱን ይጎዳዋል፤ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ መዘፍዘፍም እንደዚያው ነው፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለውን ጨው እየሳበ ያወጣበታል። በደንብ ቢያዝም ኤሌክትሮዱ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ አገልግሎ ይደክማል። መለኪያው የሚያሳየው ሁለተኛ አሐዝ ማንንም ሊያታልል አይገባም፤ ሳይስተካከል ወራት የቆየ መሣሪያ 6.37 ቢል ያ ቁጥር ከወረቀቱ ግምት የተሻለ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚደረገው የአረፋ ሙከራ ለማሰሮ አይጠቅምም። ኮምጣጤው የሚያስፈላው ካርቦኔት የበዛበትን አፈር ብቻ ነው፤ የእኛ ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ 6.0 ነው ወይስ 7.0 የሚል ነው፣ ያንን አረፋ አይለየውም።

ምርጫዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ጥቂት ማሰሮ ያለውና አሲድ ወዳድ ተክል የሌለው ሰው ጠባብ ክልል ያለው ወረቀት ይበቃዋል፤ ጋርዴኒያ፣ አዛሊያ ወይም በማሰሮ የተተከለ ሎሚ ያለው፣ ወይም ብዙ ተክል የሚያሳድግ ሰው ብዕሩን ከሁለቱ ማስተካከያ ፈሳሾች ጋር ይግዛ። ለማስተካከያ ፈሳሽ መክፈል የማይፈልግ ሰው ብዕሩንም ባይገዛ ይሻላል።

ናሙና አወሳሰድ

ጥሩ መሣሪያ በመጥፎ ናሙና ላይ ዋጋ የለውም። ሁለት ዘዴዎች ይነጻጸራሉ። በመጀመሪያው፣ ከማሰሮው የላይኛውን ንብርብር ትተው ከሥሩ አካባቢ አንድ እጅ አፈር ይወስዱና ሁለት እጅ የተጣራ ውኃ ይጨምሩበታል፤ አማስለው ግማሽ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ውኃውን ይለካሉ። ከላይ ያለው አፈር የማይወሰደው ውኃ ሲተን ጨውና ካርቦኔት እዚያ ስለሚከማቹ ነው።

ሁለተኛው አፈሩን ሳይነካ በማሰሮው ቀዳዳ የሚወርደውን ውኃ መለካት ነው፤ የአበባ አምራቾች የሚሠሩበት ይህ ዘዴ ሥሩን ስለማይረብሽ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ተክሉን እንደወትሮው ያጠጡትና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያም ማሰሮውን ንጹሕ ሰሃን ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡና 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ማሰሮ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ የተጣራ ውኃ በአፈሩ ላይ በእኩል ያፍስሱ። አዲሱ ውኃ በሥሩ ዙሪያ የነበረውን ገፍቶ ያወርደዋል፤ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ሲጠራቀም ይበቃል፣ ከዚያ ከበዛ የሚለካው የፈሰሰው ውኃ ራሱ ይሆናል። ልኬቱ ሳይውል ሳያድር፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደረግ።

በሁለቱም ዘዴዎች የተጣራ ውኃ የሚያስፈልገው የቧንቧ ውኃ የራሱን ባይካርቦኔት፣ ማለትም አሲድን የሚያመክን የተሟሟ ንጥረ ነገር፣ ይዞ ስለሚመጣ ነው። የተጣራው ውኃ ብቻውን ሲለካ ከ7 በታች ቢያሳይ አያስደንግጥ፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ የሚቋቋመው ነገር ስለሌለውም በቀላሉ ወደ አሲዳማነት ይወርዳል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውኃው ነው

አፈሩ ሲገዛ ትክክለኛ የነበረ ማሰሮ ከዓመት በኋላ ፒኤቹ 7.5 ሆኖ ከተገኘ የሚመረመረው የመስኖ ውኃው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። የውኃው ፒኤች አንድ ነገር ነው፤ አልካሊነቱ፣ ማለትም አሲድን የማምከን አቅሙ፣ ሌላ ነገር ነው። ፒኤቹ 8 ሆኖ ባይካርቦኔቱ ጥቂት የሆነ ውኃ አፈሩን እምብዛም አይለውጠውም፤ ፒኤቹ 7.2 ብቻ ሆኖ ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ግን በእያንዳንዱ ማጠጣት ትንሽ ትንሽ ኖራ እንደመጨመር ነው። ማሰሮው ባነሰ መጠን ለውጡ ይፈጥናል።

አልካሊነቱን ለማወቅ የዓሣ ገንዳ ባለቤቶች የሚጠቀሙበት የካርቦኔት ጥንካሬ መመርመሪያ ይበቃል፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ የገቡትን ጠብታዎች መቁጠር ነው። አንድ ዲግሪ (ብዙውን ጊዜ አንድ ጠብታ) በሊትር 18 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ካርቦኔትን ይወክላል። በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ በትንሽ ማሰሮ ፒኤቹ እየወጣ እንደሚሄድ ይጠበቅ። የእኔ ጋርዴኒያ ጉዳይ የተፈታው እዚህ ነበር። ለጋዎቹ ቅጠሎች ሲወይቡ ለሁለት ወር ያህል የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሰጠሁት፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይበልጥ ጥቁር አረንጓዴ ሆኑ፣ የላይኞቹ ከመወየብ አልፈው ነጡ። በኋላ በብዕር የለካሁት የማሰሮው ፍሳሽ 7.6 ሆነ፤ የውኃው ጠብታም 11 ላይ ደረሰ።

ማስተካከያዎቹስ?

ፒኤቹ ከፍ ማለቱ ከተረጋገጠ በኋላም ብረቱ መሆኑን በአንድ ቅጠል መፈተን ይቻላል። በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን የቀጠነ የብረት መፍትሔ በአንድ የወየበ ለጋ ቅጠል ላይ በብሩሽ ይቀቡና አጠገቡ ያለውን ይተዉት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተቀባው ብቻ ወደ አረንጓዴ ከተመለሰ ጥርጣሬው ልክ ነበር።

ፈጣኑ መፍትሔ የኬሌት ብረት፣ ማለትም ሟሙቶ እንዲቆይ በሌላ ውሁድ የተያዘ ብረት፣ ነው፤ ዓይነቱ ግን ከፒኤቹ ጋር መጣጣም አለበት። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሌት ፒኤቹ ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን ይለቃል፤ ዲቲፒኤ እስከ 7 እና ጥቂት ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ኢዲዲኤችኤ በአልካሊ አፈርም ይሠራል። የመጨረሻው ሲሟሟ ደማቅ ቀይ ስለሚሆን መሬትንና ልብስን ያቀልማል፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርካሹን ኢዲቲኤ 7.6 በሆነ አፈር ላይ ማፍሰስ ገንዘብን ከውኃው ጋር ማፍሰስ ነው። የትኛውም ኬሌት ቢሆን ግን ፒኤቹን አያወርደውም፤ ጊዜ ይሰጣል እንጂ።

ፒኤቹን ራሱን ለማውረድ ቀዳሚው እርምጃ የዝናብ ውኃ ወይም የተጣራ ውኃ ከቧንቧው ጋር መቀላቀል ነው። ናይትሮጅኑ በከፊል በአሞኒየም መልክ የሆነ ማዳበሪያም አፈሩን ቀስ በቀስ ወደ አሲዳማነት ይመራል፣ በናይትሬት የተሞላው ተቃራኒውን ያደርጋል። ኮምጣጤ ጨምሮ ማጠጣት የሚመክሩ አሉ፤ ፒኤቹ ለቀናት ይወርድና የአፈሩ ረቂቅ ሕዋሳት አሲዱን ሲበሉት ይመለሳል። ድኝ ዱቄት በአትክልት ስፍራ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ባክቴሪያዎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ በትንሽ ማሰሮ ግን መጠኑን መሳት ቀላል፣ የተጨመረውን መልሶ ማውጣት ደግሞ የማይቻል ነው። አንድ ዓመት ላለፈውና ከ7.5 በላይ ለደረሰ ማሰሮ የእኔ ምርጫ አፈሩን መቀየር ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ከወራት መለኪያና ጠብታ ይሻላል። ፒኤቹ በተቃራኒው ከ5 በታች ለወረደ አሮጌ የፒት አፈርም ይኸው ይሠራል፤ ለመቀየር ጊዜው ካልሆነ ጥቂት የኖራ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል።

ውጤቱ የሚታየው ከእርምጃው በኋላ በሚወጡት ቅጠሎች ላይ ነው። በብረት እጥረት የወየቡት ለጋዎች በከፊል ሊያገግሙ ይችላሉ፤ ሙሉ በሙሉ የወየበ አሮጌ ቅጠል ግን እንደገና አይለመልምም። ፒኤቹን በየቀኑ መለካትም አያስፈልግም፤ ከአራት ሳምንት በኋላ በዚያው ዘዴና በዚያው መሣሪያ አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል።